ተመስጦና ንጥቂያ

በግእዝ «መሠጠ» ማለት ነጠቀ፣ ቀምቶ ወሰደ ማለት ነው። በበግ ለምድ ተሸፍኖ የሚመጣውን ተኵላ የወንጌሉ ተርጓሚዎች የገለጹት ከዚህ ቃል በወጣ ስም ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለ ተነጠቀው ሰው ሲጽፍ የግእዙ መጽሐፍ የያዘው ከዚያው ግንድ የበቀለውን ግሥ ነው። በዛሬው አማርኛ «ተመስጦ» ሲባል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አካባቢውን ረስቶ፣ በዜማ ወይም በሐሳብ መወሰዱ ይታሰባል እንጂ በቃሉ ውስጥ የተደበቀው ነጣቂ ለማንም ትዝ አይለውም። ቃሉ ግን አልረሳውም። የተወሰደ ካለ ወሳጅ አለ፤ ወሳጅ ካለም በምን ሥልጣን ወሰደ፣ የወሰደውንስ መልሶ ወዴት አደረሰ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይህ ጥያቄ ጥንት የማኅሌቱ፣ የመንዙማው፣ የዛሩና የአዝማሪ ቤቱ ጥያቄ ነበር። ዛሬ ደግሞ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ከኮምፒዩተርና ከማደባለቂያ ሰሌዳ ጀርባ ቆሞ መቶዎችን በአንድ ምት የሚያስጨፍረው ዲጄ ፊት ቀርቧል። ዲጄው በእርግጥ ሁለት ጊዜ ነጣቂ ነው። አንደኛ፣ እርሱ ያላዜመውን ዜማ፣ እርሱ ያልመታውን ከበሮ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ አይቶት የማያውቀውን ሰው ጉሮሮ ወስዶ የራሱ መሣሪያ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ በዚያው በወሰደው ድምፅ የአድማጩን ልብ ይወስዳል። ለሁለተኛው ንጥቂያ ጭብጨባ ይቀበላል፤ ስለ መጀመሪያው የሚጠይቀው ግን እምብዛም አይገኝም።

ነገሩን በሩቅ አገር ምሳሌ ከመመርመር ይልቅ ከአራዳ መጀመር ይሻላል። አራዳ በመጀመሪያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም የነበረው የከተማው ታላቅ ገበያ ስም ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የሐበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አሸሽቶ የድሮውን ሰፈር ፒያሳ አለው። ገበያው ሄደ፤ ስሙ ግን ከሰፈሩ አልፎ የጠባይ ስም ሆኖ ቀረ። «ያራዳ ልጅ» የሚባለው ነገር ቶሎ የሚገባው፣ ንግግሩ የሚጥም፣ የማይሞኝ ነው። ከዚህ ሙገሳ ሥር ግን አንድ ጥርጣሬ ሁልጊዜ አድፍጦ ይኖራል፦ የማይሞኝ ሰው ሌላውን ሊያሞኝ የሚችል ሰው ነው። ገበያ የወለደው ቃል በመሆኑ ሁለቱንም ወገን፣ ሻጩንም ገዢውንም ይዟል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሚካኤል ሰይፉ የተባለው ወጣት የሙዚቃ ቀማሪ በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው «1432 አር» በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ያወጣው ሥራ ርእስ «ያራዳ ልጅ» ነበር። ሚካኤል በኒው ጀርዚ በሚገኘው ራማፖ ኮሌጅ ከሙዚቃ ደራሲው ቤን ኒል ዘንድ ተምሮ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘላለም» የተሰኘውን ሥራውን ለዓለም ገበያ አቅርቧል። እንደ እርሱ ሁሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉም የአገር ቤቱን ድምፅ ከኮምፒዩተር ምት ጋር አዋሕዶ አሳትሟል፤ ሁለቱ ለዚህ አካሄድ የሰጡት ስም «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚል ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከዲጄነት የተነሣው ሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ፣ እስከዚያ ድረስ በጥቂት የምሽት ቤቶች ታጥሮ የነበረው የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ በአማርኛ ግጥም ተሸክሞ ወደ ታክሲውና ወደ ሰርግ ቤቱ ገባ።

እነዚህ ወጣቶች ያደጉት ዝም ባለ ከተማ ውስጥ አልነበረም። በፒያሳ የሚያድግ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ሌሊቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን ማኅሌት፣ ከመስጊድ የሚመጣውን አዛን፣ ከሙዚቃ ቤቶች በር ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የሚወርደውን ካሴት፣ የወያላውን ጥሪ፣ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማውን ዘፈንና ቴአትር ሲያሳድግ የኖረውን የሀገር ፍቅርን ልምምድ እየሰማ ያልፋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ይደርሱታል። ማደባለቂያ ሰሌዳ በእጁ ሳይገባ በፊት ጆሮው መደባለቅን ለምዷል። ስለዚህም እንዲህ ያለ ወጣት በባዕድ አገር ወይም በጓደኛው ኮምፒዩተር ላይ ትራንስ የሚባለውን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ የሚደነግጠው በአዲስነቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ የሚያውቀው ነገር በማያውቀው ልብስ መጥቶ ስለሚያገኘው ነው።

ይህ የሚያውቀው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ስለ ሙዚቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የዲጄ ሙያ በዛሬው መልኩ የተጀመረው በድሆች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1973 ከጃማይካ የፈለሰው ኩል ኸርክ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ባዘጋጀው ጭፈራ ላይ አንድን ሸክላ በሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀምጦ፣ ዘፈኑ ወጥቶ ከበሮው ብቻ የሚቀርበትን አጭር ክፍል ደጋግሞ አስረዘመው። በቺካጎ ፍራንኪ ናክልስ ከ1977 ጀምሮ «ዌርሐውስ» በተባለው የምሽት ቤት፣ በኋላም በዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች፣ ይህንኑ ጥበብ ከአዲሶቹ የኤሌክትሮኒክ ከበሮዎች ጋር አጋቡት። ትራንስ የተባለው ቅርንጫፍ የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን፣ በተለይም በፍራንክፈርት ነው፤ በሕንድ ጎዋ የባሕር ዳርቻም አንድ የራሱ ዘር በቅሎለታል። ምቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ130 እስከ 140 ይደርሳል። አንድ አጭር የዜማ ሐረግ እየተደጋገመ ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ ከዚያ በድንገት ከበሮው ይቋረጥና ዜማው ብቻውን አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ጨፋሪው እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት ያጣል፤ ምቱ ሲመለስ ሺህ ሰው በአንድ እግር ያርፋል። የሙዚቃው ኃይል በመስጠት ሳይሆን በማዘግየት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ የመክፈቻ በዓል ላይ የአገሮች ልዑካን በሰልፍ ሲገቡ የሚሰማው ሙዚቃ በሆላንዳዊው ዲጄ ቲዬስቶ የቀረበ ነበር። ቀነኒሳንና ኃይሌን ለማየት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ስሙን ሳያውቅ ትራንስን ሰምቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ያራዳ ልጅ ያወቀው ይህንን ማዘግየት ነው። በማኅሌት መጀመሪያ የሚሰማው ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም የለበትም። ከዚያ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው በዝማሜ ይወዛወዛሉ፤ ጸናጽሉ ይገባል፤ በመረግድ ከበሮው እየከበደ ይሄዳል፤ በጽፋት ከበሮና ጭብጨባ ይፋጠናሉ፤ በወረቡ ካህናቱም ምእመናኑም አንድ አካል ይሆናሉ። ቃሉ ያው ነው፤ ዜማው ያው ነው፤ የሚለወጠው ፍጥነቱና ክብደቱ ነው። ያንኑ ቃል ደጋግሞ፣ በየድግግሞሹ አንድ መሣሪያ ጨምሮ፣ ሰውን ከራሱ የማውጣት ዕውቀት በጎንደር በአታ የአቋቋም ጉባኤ ቤት ለዘመናት ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። በወሎ፣ እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉ የሱፍያ ማእከላት፣ መንዙማው በዝግታ ይጀመርና ተቀባዮቹ ሐረጉን እየመለሱ፣ ድቤው እየተፋጠነ ሌሊቱ ይጋመሳል። በዛሩም ቤት ቡናው፣ ጭብጨባውና ከበሮው ታማሚው «የዛር ፈረስ» እስኪሆን ድረስ አይቋረጡም። ሦስቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የሚያስቆጣው ወገን ይኖር ይሆናል፤ ቁጣውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱም ሦስቱ የሚጠሩት አንድ ስም አይደለም። የሚጠሩበት መንገድ ግን መመሳሰሉን ጆሮ ያለው ሰው ሊክደው አይችልም።

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን የሚነቅፉት ሰዎች ዋና ክርክር ማሽን ነፍስ ስለሌለው ተመስጦውም ሐሰት ነው የሚል ነው። ይህ ክርክር ብዙ አያስኬድም። ከበሮም ግንድና ቆዳ ነው፤ ጸናጽልም ብረት ነው። አንድ መሣሪያ ነፍስ የሚያገኘው ከያዘው ሰው እንጂ ከተሠራበት ነገር አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ክርክር ነው፦ በማኅሌቱና በመንዙማው የሚመሰጠው ሰው የሚሄድበት አድራሻ አለው፤ በጭፈራ ቤቱ የሚመሰጠውስ ወደ ማን ነው የሚሄደው? ወደ ማንም ካልሆነ፣ ነጥቆ መንገድ ላይ መጣል አይሆንም ወይ?

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሙሉ መልስም ያለው አይመስልም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በማኅሌቱ መሪጌታው፣ በመንዙማው ሼኹ፣ በዛሩ ባለ ውቃቢው ሌላው ሁሉ ሲወሰድ ነቅተው የሚቀሩ ሰዎች ናቸው። የሥርዓቱ ጤንነት የተመሠረተው በእነርሱ አለመወሰድ ላይ ነው። መቼ እንደሚፋጠን፣ መቼ እንደሚረግብ፣ ማን እንደ ደከመ፣ ማን ውኃ እንደሚያስፈልገው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ዲጄም በአንድ ጆሮው አዳራሹ ውስጥ የሚሰማውን፣ በሌላው ጆሮው በማዳመጫው በኩል ገና ያልደረሰውን ቀጣይ ዘፈን እያዳመጠ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሕዝቡ በአሁኑ ቅጽበት ሲጠፋ እርሱ ከፊል አካሉ በሚቀጥለው ደቂቃ ውስጥ ቆሟል። ከሕዝቡ ጋር አብሮ የተመሰጠ ዲጄ ጠባቂነቱን ጥሏል፤ ምቱም ይሳከርበታል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ለሊቱ መጨረሻ የሚሆኑትን ዘፈኖች ከሁሉ አስቀድሞ ይመርጣል፤ ወደ ተራራ የወጣን ሰው አውርዶ በሩ ድረስ መሸኘት እንዳለበት ያውቃልና። አድራሻ መስጠት ባይችል መመለሻ መስጠት ይችላል። በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የአድማጩ መነጠቅ፣ ግማሽ መልስ አገኘ ማለት ይቻላል፤ አድማጩ ወዶ መጥቷል፣ ነቅቶ የሚጠብቀው ካለም በጤና ይመለሳል።

(አዲስ አበባ እስኪነጋ መጨፈርን ከባዕዳን አልተማረችም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለ ነበር በሂልተን የዋልያስ ባንድን ሙዚቃ ለመስማት የገባ ሰው እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ሲጨፍር ያድር ነበር። የሌሊት ጭፈራው በከፊል የእገዳ ልጅ ነው።)

ሁለተኛው ንጥቂያ ከዚህ ይከብዳል። ይህን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ከካይሮ ተነሥቶ አዲስ አበባ ስለሚደርስ በሰፊው ሊነገር ይገባዋል።

ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1921 በካይሮ የተወለዱ ግብፃዊ ሙዚቀኛ ነበሩ። በ1944 ከአንድ የካይሮ ራዲዮ ጣቢያ በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ ከባድ መሣሪያ ተውሰው የሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚፈጸምበት ስፍራ ሄዱ። በግብፅ የሚታወቀውን ዛር ብዙ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ጋር ያያይዙታል። የሴቶቹን ዜማ ቀርጸው ወደ ራዲዮ ጣቢያው ከተመለሱ በኋላ ድምፁን በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ አሳለፉት፤ ዋናውን ድምፅ ቀንሰው ጥላውን፣ ማለትም ከድምፁ በላይ የሚንሳፈፈውን ረቂቅ ቃና ብቻ አስቀሩ። ቃሉ ጠፋ፤ ከበሮው ጠፋ፤ የቀረው እንደ ሩቅ ነፋስ ያለ ጉምጉምታ ነው። «የዛር መግለጫ» የተሰኘው ይህ ሥራ በዚያው ዓመት በካይሮ ለሕዝብ ተሰማ። ፈረንሳዊው ፒየር ሻፈር የባቡር ድምፆችን ቀነባብሮ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አባት የሚል ስም ያገኘው በ1948፣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በዓለም ከታወቁት የኤሌክትሮኒክ የድምፅ ቅንብሮች ከቀዳሚዎቹ አንዱ የተሠራው ከተመስጦ ሥርዓት ነው። የፍራንክፈርት ወጣቶች ለሙዚቃቸው «ትራንስ» የሚለውን ስም ከመስጠታቸው አርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ ማሽኑና ተመስጦው ተገናኝተው ነበር።

እኒሁ ሰው ከ1962 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1963 ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው፤ ኦርኬስትራው በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ብዙ ሠርቷል። እዚህ ላይ የአንድ ሰው ሁለት ገጽ ይታያል። በካይሮ ድምፅን ከባለቤቱ ለይተው፣ ስሙንና ቃሉን አስወግደው ወሰዱ፤ የሴቶቹ ስም ከሥራው ጋር ለትውልድ አልተላለፈም። በአዲስ አበባ ግን ባለ ክራሩንና ባለ ማሲንቆውን በአካል አምጥተው፣ ፊታቸው እየታየ፣ በሕዝብ ፊት አስቀመጡ። የመጀመሪያው ሥራ ረቂቅ ነው፤ የሁለተኛው ረቂቅነት ሊያከራክር ይችላል፤ በጽድቅ ሚዛን ግን ሁለተኛው ይከብዳል። ታላቅ ኪነት ሁልጊዜ ከታላቅ ፍትሕ ጋር አብሮ አለመሄዱ የሚያሳዝን እውነት ነው፤ ሐቁን በመደበቅ ግን ኪነቱ አይጠቀምም።

የሌላውን ድምፅ መውሰድ ሁሉ ስርቆት ነው የሚል አቋምም አያዋጣም። በአገራችን የሌላውን ዜማ ማቅረብ የሁለተኛ ደረጃ ሙያ ሆኖ አያውቅም። ደብተራው የሚቆመው በራሱ ዜማ ሳይሆን በቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው፤ ስለዚህ ከያኒ አይደለም የሚለው የለም። አዝማሪውም በ«ተቀበል» ጊዜ ከታዳሚው አፍ ግጥም እየነጠቀ በማሲንቆው መልሶ ያወርደዋል፤ አንዳንዴ ከሰጪው አሳምሮ። ነገር ግን ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ግጥም የሰጠው ሰው እዚያው ተቀምጧል፤ ቢዛባበት ያርማል፣ ቢያምርለት ይስቃል፣ ብር ይሸልማል። ንጥቂያው በሁለቱ ዓይን ፊት ስለሚፈጸም ጨዋታ ይሆናል። ደብተራውም ሲቆም የያሬድን ስም ጠርቶ ነው። የአዝማሪዋን ጉሮሮ ቀርጾ፣ ቆርጦ፣ በደቂቃ 136 ምት ላይ ጭኖ በበርሊን የሚያሰማው ዲጄ ግን ሰጪዋ በሌለችበት ቤት የሚፈጸም «ተቀበል» ነው ያደረገው።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የማንም የግል ንብረት አይደሉም የሚለው መከራከሪያ በዚህ ላይ ይነሣል። እውነት ነው፤ ቅኝት የሕዝብ ነው። ጉሮሮ ግን የአንድ ሰው ነው። አንዲት አዝማሪ በአንዲት ምሽት ያወጣችው ድምፅ፣ የተሰበረበት ቦታ፣ ትንፋሿ ያጠረበት ቅጽበት ከእርሷ በቀር የማንም ሊሆን አይችልም። የአገራችን ሕግም ይህን ያውቃል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲውን መብት ደንግጓል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ከደራሲው አልፎ ለከዋኙ ራሱን የቻለ መብት ሰጥቷል።

ሕግን ብቻ መለኪያ ማድረግ ግን እንደሚያሳስት ከራሱ ከአራዳ የሙዚቃ ታሪክ መማር ይቻላል። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ ለከተማው ጥበብ ያደረገው ታላቅ ነው፤ ሸክላ በማሳተም ረገድ ግን በእጁ የነበረውን ሥልጣን እምብዛም አልሠራበትም። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባሉት ወጣት ነጋዴ ክልከላውን ጥሰው አምሃ ሪከርድስን አቋቋሙ፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አሳተሙ። ዛሬ ዓለም በመደነቅ የሚያዳምጠው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ትልቅ ክፍል የዳነው በአንድ ሕግ ጣሽ እጅ ነው። አምሃ ግን የጣሱት ሥልጣንን እንጂ ድምፃዊውን አይደለም። በሸክላው ላይ የዘፋኙ ስም ነበር። የወሰዱት ከተዘጋ መጋዘን እንጂ ከሰው ጉሮሮ አልነበረም። ይህ ልዩነት ለዲጄው ከማንኛውም አዋጅ ይልቅ ግልጽ መንገድ ያሳያል፤ ሕጋዊ ሆኖ በዳይ መሆን እንደሚቻል ሁሉ፣ ሕግ ጥሶ አደራ ጠባቂ መሆንም ይቻላልና።

የአቶ ኃይሉ መርጊያ ታሪክም እዚህ ቦታ አለው። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ በዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮናቸውን ከሙግና ከሮድስ ኪቦርዶች እንዲሁም ከኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጋር ብቻቸውን አዋሕደው አንድ ካሴት ሠሩ። ኤሌክትሮኒክ መሣሪያና የአገር ቤት ዜማ ተጋቡ ሲባል ወጣቶቹ እንደ ጀመሩት ማውራት የሚወዱ ሁሉ ይህንን ካሴት ቢያዳምጡ መልካም ነው። አቶ ኃይሉ ኋላ ሙዚቃውን ትተው የዱለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆኑ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ቅጂውን ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ሰውየው ካሴቱን ቆራርጦ ለጭፈራ ከማቅረቡ በፊት ባለቤቱን ፈልጎ ስልክ ደወለላቸው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ አቶ ኃይሉም በስድሳዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። በአንድ ስልክ ጥሪና በአንድ ዝምታ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው የእርጅና ዘመን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ናዝና ዴሚያን ማርሊ የፕሮፌሰር ሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ለአንድ ዘፈናቸው መሠረት ሲያደርጉ ምንጩ የታወቀ በመሆኑ ብዙ አዳዲስ አድማጮች ወደ ሙላቱ መጡ። በስም የተወሰደ ድምፅ ለባለቤቱ መንገድ ይጠርጋል፤ ያለ ስም የተወሰደ ግን የኋላውን በር ይዘጋል።

ከባለቤትነቱ ባሻገር ስለ አያያዙም የሚባል አለ። አዝማሪው የሚጫወተው ችክችካ ሁለት ዋና ምት ኖሮት እያንዳንዱ ምት በሦስት የሚከፈል ነው። የትራንስ ምት ግን አራት ሆኖ እያንዳንዱ በሁለት፣ በአራት ይከፈላል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማስኬድ አንዱ መጎበጥ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎብጠው ችክችካው ነው፤ ያን ጊዜ ትከሻ የሚያውቀው እስክስታ ጠፍቶ ጉልበት ብቻ የሚያውቀው ዝላይ ይቀራል። ማሲንቆውም እንደ ፒያኖ በአሥራ ሁለት እኩል ደረጃዎች የተከፋፈለ አይደለም፤ የአዝማሪዋ ድምፅ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ባለ ቦታ ላይ ያርፋል። ኮምፒዩተሩ ይህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያርመው ይችላል፤ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። ያን ቁልፍ መጫንና አለመጫን የጣዕም ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር ይታያል። ነገር ግን የሰውን ድምፅ ከወሰዱ በኋላ «ተሳስተሻል» ብሎ ማረም ከመውሰዱ የባሰ ድፍረት ነው። ከአዲሶቹ ቀማሪዎች መካከል የተሻሉት ማሽኑን ወደ ማሲንቆው የሚያጎብጡት ናቸው፤ ምቱን ለሦስት ከፍለው፣ ቅኝቱን እንዳለ ትተው፣ ፍጥነቱንም ለትከሻ በሚመች ልክ ዝቅ አድርገው ይሠራሉ። በበርሊን አዳራሽ ይህ ሙዚቃ ለመጨፈር ያስቸግራል የሚል ቅሬታ ቢሰማም፣ ቅሬታው ለቀማሪው ምስጋና ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ጥያቄው ሌላ ክብደት ጨምሯል። በዚያ ዓመት የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የድሮው ፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ከዚያ ቀደም፣ በጥር 2007 ዓ.ም.፣ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ባቃጠለው እሳት ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ አዳራሽ ጠፍቶ ነበር። የፈረሰው ፈርሶ በተሻለ ተተክቷል አልተተካም የሚለው የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ለሙዚቃው ሰው የሚመለከተው ይህ ነው፦ በየመንገዱ ዞሮ የሰፈሩን ድምፅ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የቡና ቤቱን ሳቅ፣ የሻጩን ጥሪ ለጭፈራ ሙዚቃው ብሎ የቀረጸ ዲጄ ካለ፣ የወሰደው ነገር ከወሰደበት ቦታ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል። በወሰደ ጊዜ ነጣቂ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ደግሞ ሳያስበው ባለ አደራ ሆነ። አደራ ማለት የማይሸጥ ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ሲጠይቅ የሚመለስ፣ ሲሸጥም ባለቤቱ የሚያውቀው ማለት ነው።

ከእነዚህ ቅጂዎች መካከል ምናልባት በአንዱ ውስጥ፣ ከበሮው ተቋርጦ ዜማው ብቻውን በሚንሳፈፍበት ቦታ፣ አንድ የዶሮ ማነቂያ ነጋዴ ሸቀጡን ሲጠራ ይሰማ ይሆናል። በአዳራሹ ያለው ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ ምቱ እስኪመለስ ይጠብቃል። ነጋዴው ድምፁ እዚያ መድረሱን አልሰማም፤ የሚኖረውም ያው በአዲስ አበባ ውስጥ ነው። የድሮ ጎረቤቶቹን ጠያይቆ እርሱን ለማግኘት አንድ ቅዳሜና የአውቶቡስ ሳንቲም ይበቃል።